አጥር ማዶ የሚተነፍሰው ማሽን

እናቴ በሳንባዋ ታማ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝታ በወጣች ጊዜ የኦክስጅን ማሽኑን እዚያው ገዝተን ደብረ ማርቆስ ገባን። ዋስትናው በየትኛውም ከተማ ባለው ወኪል ይሠራል ተብለን ነበር፤ አመንን። ማሽኑ አየር ሲስብ በየመሀሉ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሽማግሌ እህ እህ ይላል። እናቴ «ከእኔ ብሶ ይስላል» እያለች ትስቅበት ነበር።

አንድ ክረምት መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ ማሽኑ ቀጥ አለ። ይዤው ወደ ወኪሉ ሱቅ ሮጥሁ። ባለሱቁ የእድራችን ሰው ናቸው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ የምላቸው። ጠረጴዛው ላይ የጎረቤታችን የአዛውንቱ ማሽን ተፈትቶ ተቀምጧል። የእሳቸውንም ያቃጠለው ያው መብራት ነው። መጋዘን ውስጥ የቀረው መለዋወጫ ግን አንድ ብቻ ነበር።

«ጋሼ፣ እናቴ እኮ ናት፤ ያውቋታል» አልኋቸው።

«አውቃታለሁ ልጄ። ግን እሳቸው ከእኔ ነው የገዙት። ከእኔ የገዛውን ካላስቀደምሁ ነገ ማን ይገዛኛል? ለአንቺ ከአዲስ አበባ አስመጣለሁ።»

«ዋስትናው አንድ አይደለም ወይ?»

«ዋስትናው አንድ ነው። ተራው ነው የሚለየው።»

እናቴን ሆስፒታል አስገባናት። መለዋወጫው ሳይደርስ ዐረፈች።

የሐዘኑን ድንኳን ለመትከል ከሁሉ ቀድመው የደረሱት ጋሼ ነበሩ። በእድር ከማን ገዛህ የሚል የለም። ገመዱን ሲወጥሩ አየኋቸውና ጠላኋቸው። ጭቃው ላይ ተንበርክከው ካስማ ሲመቱ ሳያቸው ደግሞ መጥላቱም አቃተኝ። ባርባዋ ዕለት ማሽኑን አሠርተው ራሳቸው ተሸክመው አመጡት። ሂሳብ ብላቸው «ዋስትናው መች አለቀና» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ በልቤ ስሟገታቸው ኖርሁ። ሱቁ የእኔ ቢሆን የገዛኝን አላስቀድምም ነበር? አስቀድም ነበር። የባሰበት ይቅደም እንዳልል ሁለቱም ትንፋሽ ያጠራቸው ናቸው። እውነቱን ለመናገር፣ መልሱን ሳገኘው ይብስ ያመኛል።

ዘንድሮ የአዛውንቱ ማሽን እንደገና ተበላሸ። ጋሼ በራችንን አንኳኩ፤ ግቡ ብላቸውም ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ መለዋወጫ የለኝም። እስኪመጣ የእናትሽን ማሽን ታውሽኝ እንደሁ ብዬ ነው።»

«ለደንበኛዎ ነው?»

መሬት መሬት አዩ። «ለጎረቤትሽ ነው» አሉ።

ማሽኑ የለበሰውን ነጠላ ገልጬ ሰጠኋቸው። እናቴም ብትሆን ይህንኑ ታደርግ ነበር፤ ያውም ሳትነዘንዛቸው።

አሁን ግቢ ውስጥ ልብስ ሳሰጣ ከአጥር ማዶ ያ እህ እህታ ይመጣል። እጄ ገመዱ ላይ ይቀራል። አዛውንቱ ስለተሻላቸው ደስ ብሎኛል፣ ከልቤ። ግን መብራት ሄዶ ድምፁ ቀጥ ባለ ቁጥር ልብሱን ጥዬ የምሮጠው ወደ እናቴ ክፍል ነው።