ቆጥ ላይ የከረመችው ሳውንድ ካርድ

ባፈና ቦንጋ ውስጥ፣ ከገበያው ወደ ታች በሚወርደው መንገድ ዳር፣ በርና መስኮት የሚሠራ አናጢ ነው። ሰው እሱን ብዙ አያውቀውም፤ የሚያውቀው የሠራውን በር ነው። «ይሄን በር ማን ሠራው?» ሲባል «ያ ዝምተኛው» ይላሉ፤ በቃ፣ ስሙ ያ ሆኖ ቀረ። ሲናገር አንገቱን ትከሻው ውስጥ ይቀብራል። የጀመረውን ነገር ሳይጨርስ «እና… ያው» ብሎ ይተወዋል። ትምህርት ያቆመው ከሦስተኛ ክፍል ነው። የአማርኛውን ፊደል ቀስ ብሎ፣ ጣቱን እያስከተለ ያነባል። የእንግሊዝኛው ግን ለእሱ በር የሌለው አጥር ነው።

ጊታር ሲይዝ ያ ሁሉ ማፈር የት እንደሚሄድ እንጃ። ቤተክርስቲያን ውስጥ አንድ አሮጌ ጊታር ነበር፤ ማንም ሳያስተምረው፣ በጆሮው ብቻ ለመደው። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ከኳየሩ ዘማሪ ከአብርሆት ኋላ ቆሞ ተጫወተ። አብርሆት ስትዘምር እሱ ጊታሩን ይመታል፣ ደግሞ ዝግ ባለ ድምፅ ይቀበላታል። ከሁለት ዓመት በፊት አግብታ ሐዋሳ ሄደች። ባፈና ጊታሩን ለአንድ ወር አልነካውም።

ባለፈው ዓመት ከመስቀል በኋላ በሰው እጅ ዕቃ ላከችለት፤ ያገለገለ ላፕቶፕና የግማሽ ጡብ የምታህል ቀይ ሳጥን።

«ሳውንድ ካርድ ትባላለች» አለችው በስልክ። «ጊታርህን በአንደኛው ቀዳዳ፣ ማይኩን በሌላው ትሰካለህ። እኔ እዚህ ሆኜ አብረን እንለማመዳለን።»

«ከሐዋሳ?»

«ከሐዋሳ።»

የቤተክርስቲያኑ ጸሐፊ ዮናታን መጥቶ ገጠመለት። «ማያው ላይ ይቺን አረንጓዴ ስትጫን ይከፈታል፤ አብርሆት ስትደውልልህ ደግሞ ይቺን ቀይ ነጥብ ስትነካ ትገባለህ» አለው። ብዙም ሳይቆይ ዮናታን ሥራ ተቀይሮ ወደ ቢታ ገነት ሄደ። ባፈና ከዚያ ወዲህ በአረንጓዴና በቀይ ብቻ ኖረ።

በየቅዳሜው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይለማመዳሉ። የእሷ ድምፅ ትንሽ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፤ ሸለቆ ማዶ ካለ ሰው ጋር እንደ መጣራት ማለት ነው። መጀመሪያ እሷን እየጠበቀ ተበላሸበት። በኋላ ገባው። እሱ ሳይጠብቅ ቀጥ ብሎ ይመታል፣ እሷ በላዩ ትዘምራለች።

ታዲያ የቦንጋ እርጥበት የማያበላሸው ነገር የለም። ጫማ አልጋ ሥር ሁለት ሳምንት ከተረሳ ጸጉር ያበቅላል። ባፈና ይሄን ዕቃ ምን ላድርገው ብሎ ተጨነቀ። ያደገው ገጠር፣ ማንኪራ ነው። እዚያ እንዳይበላሽ የተፈለገ ነገር ሁሉ ማድቤት፣ ከእሳቱ በላይ፣ ቆጥ ላይ ይወጣል። የበቆሎ ዘር እዚያ ነው፣ ኮረሪማም እዚያ ነው። እሱ ራሱ እንጨት የሚያደርቀው እዚያ ነው። ስለዚህ በየቅዳሜው ልምምዱ ሲያልቅ ሳጥኗን በነጠላ ቁራጭ ጠቅልሎ ከባለቤቱ ከሙሉብርሃን ኮረሪማ አጠገብ ቆጥ ላይ ያስተኛታል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሲያወርዳት ደረቅና ሞቃት ናት። ደስ ይለዋል።

ክረምቱ እየገባ ሳለ አብርሆት ሦስት መዝሙር ልታስቀዳ ሆነ። ስቱዲዮው የኃይለመስቀል ነው፤ ሐዋሳ ያለ ወጣት ባለሙያ። የመጀመሪያው ቀን ልምምዳቸው ላይ በመስመሩ አብሮ ገብቶ አዳመጠ።

«ጋሽ ባፈና፣ ይቅርታ» አለ ኃይለመስቀል። «እሳት አጠገብ ነው እንዴ የተቀመጡት? የሆነ ነገር ይንጣጣል።»

«የለም… እሳት የለም። እና… ያው።»

ድጋሚ መታ። ድጋሚ ተንጣጣ።

አብርሆት መሐል ገባች። «ባፌ፣ ሳጥኗ ላይ የትኛው መብራት ነው የበራው? ከሥሩ የተጻፈውን እስቲ አንብብልኝ።»

ባፈና ጎንበስ አለ። አንድ ትንሽ መብራት በርቷል፤ ከሥሩ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለ። ቀለሙን መናገር ይችል ነበር። ግን «አንብብልኝ» የሚለውን ሲሰማ ቀለሙም ጠፋበት። ጆሮው ድረስ ጋለ።

«ኔትወርኩ… ኔትወርኩ ሊሄድ ነው» አለና የላፕቶፑን ክዳን ገጠመው።

ማታውን አብርሆት ድምፅ ቀድታ ላከችለት። «ባፌ፣ ኃይለመስቀል ያለኝን አልደብቅህም። በሚመጣው ቅዳሜ እንቀዳለን። የአንተ ድምፅ ካልጠራ እዚህ ያለ ሌላ ልጅ ጊታሩን ይመታል። እኔ የምፈልገው አንተን ነው። ግን ስቱዲዮው የእሱ ነው።»

ሦስት ጊዜ አዳመጠው። በሦስተኛው ሙሉብርሃን ከማድቤት ወጣች።

«ሰማሁት እኮ። አሁን ለጎረቤትም ልታሰማ ነው?»

«እና… ያው» አለ።

«ያው ምን? ሳጥኗ ታማለች ማለት ነው። በርህ ሲታመም ምን ታደርጋለህ?»

እውነቷን ነው። በር ሲጢጥ ሲል ባፈና በሩን አይወቅስም። ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ ይነካካል፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ማጠፊያው ላይ ነው። እሑድ ከጸሎት በኋላ ተቀመጠና እንደ በር ያዛት።

መጀመሪያ የስልኩን ዳታ አጠፋ፤ ላፕቶፑ ኔትወርክ የሚያገኘው ከስልኩ ነው። ሄድፎኑን አድርጎ ጊታሩን ነካ፤ ያው ተንጣጣ። እንግዲህ የኔትወርክ ጥፋት አይደለም። ውሸቱ ከራሱ ጆሮ ፊት ቆመበትና ብቻውን አፈረ። ሰኞ ቻርጀሩን ከዲቫይደሩ ነቅሎ በባትሪ ሞከረ፤ ያው ነው። ማክሰኞ ከቤተክርስቲያን የጊታር ገመድ ተዋሰ፤ ያው። ረቡዕ በሳጥኗ ላይ ያለችውን ማዞሪያ ቀስ ብሎ አዞራት። መንጣጣቱ ከጣቱ ጋር አብሮ ሄደ፤ ሲያዞር ይብሳል፣ ሲተው ይቀንሳል፣ ልክ ደረቅ ቅጠል እንደ መርገጥ። የጊታሩን ጃክ ሲነቅል ደግሞ ጫፉ ቡኒ ሆኗል። በሱሪው ጠረገውና መልሶ ሰካው። አልተሻላትም።

በሽታው ከሳጥኗ ውስጥ ነው። ውስጧን ለመክፈት ግን የእሱ እጅ ለእንጨት እንጂ ለእንደዚህ ያለ ነገር አይደለም። ጃፈር ጋ መሄድ ሊኖርበት ነው።

የጃፈር ሱቅ መናኸሪያው አጠገብ ነው፤ ስልክ ይሸጣል፣ ስልክም ሬዲዮም ይጠግናል። ጥሩ ሰው ነው፣ ግን አፉ አያርፍም። ባፈና ሐሙስ ጠዋት ሳጥኗን በፌስታል ይዞ በሱቁ ፊት አለፈ። ሰው ነበር። ተመለሰ። አሁንም ሰው አለ። ሦስተኛ ሲያልፍ ጃፈር ከውስጥ ጮኸ።

«ወንድሜ! ሦስተኛህ እኮ ነው። ወይ ግባ፣ ወይ በሩን ለካውና ሂድ!»

ሰው ሳቀ። ባፈና ገባ። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «ትንጣጣለች» አለ፤ ሌላ አልጨመረም።

ጃፈር ሳጥኗን አወጣና ወደ አፍንጫው አስጠጋት። ቅንድቡ ተነሣ።

«ይቺ ወጥ ውስጥ ገብታ ነበር እንዴ? ኮረሪማ ኮረሪማ ትላለች።» ብሎኑን ፈታ። ክዳኑን አነሣና ውስጧን አየ። ከዚያ ወደ ጓዳው ዞረ። «ራሕመት! ነይ እዪ! ቋንጣ የሆነ ሳውንድ ካርድ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ሚስቱ ራሕመት መጥታ አየች። ቀዳዳዎቹ ዙሪያ፣ ማዞሪያዋ ሥር፣ ቡኒ የሚያጣብቅ ጥቀርሻ ተለጥፏል።

«የት ነው የምታስቀምጣት?» አለው ጃፈር።

«ቆጥ ላይ።»

«ከእሳት በላይ?»

«እርጥበት እንዳይነካት… እኛ ጋ ዘሩም እንዲህ ነው የሚቀመጠው። እና… ያው።»

«ዘርማ ልክ ነው። ይቺ ግን ቀዳዳ አላት፤ ስንት ወር ሙሉ ጭስ ስትጠጣ ከርማለች!» ሳቁን መያዝ አቃተው። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባል ነበር። አንተ ደግሞ የብብትህን ቆጥ ላይ ሰቀልክ!»

«ተው እንጂ ጃፈር፣ ሰውየው አፈረ» አለች ራሕመት። ለባፈና ወንበር ገፋ አደረገችለት። «እኔም ባለፈው የእሱን ሪሞት ማቀዝቀዣ ውስጥ ረስቼው ነበር። የራሱን አይናገርም።»

ጃፈር ጥጥ በስንጥር ጠቅልሎ በአልኮል ነከረ። አንድ ቀዳዳ፣ ሌላ ቀዳዳ፤ ጥጡ ጠቁሮ ይወጣል፣ ይጥለዋል፣ ሌላ ይጠቀልላል። ማዞሪያዋን ከፍቶ በትንሽ ብሩሽ ጠረጋት። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀበት። እየሠራ አላወራም፤ ይሄ ባፈናን ደስ አሰኘው።

«ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ፣ ከሥር ደረቅ ሩዝ በጨርቅ ቋጥረህ አስቀምጣት» አለ ጃፈር ብሎኑን እየመለሰ። «እርጥበቱን ሩዙ ይጠጣዋል። ከእሳት ግን አርቃት፣ በአላህ!»

ባፈና ሲወጣ የሱቁን በር ገፋ፣ ሳበ። «ከታች ይይዛል» አለ። «ነገ መላጊያ ይዤ እመጣለሁ።» ረጅም ንግግር ነበር ለእሱ።

ቅዳሜ ደረሰ። ዝናቡ ጠዋት ጥሎ አባርቷል። ባፈና ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ተቀምጧል። ሳጥኗን ሰካ፣ አረንጓዴውን ተጫነ፣ ሄድፎኑን አደረገ። ጊታሩ በጆሮው ውስጥ ጥርት አለ። ደረቅ ቅጠሉ የለም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀዩን ነጥብ ነካ።

«ባፌ፣ እንዴት ነህ? እስቲ ምታው» አለች አብርሆት።

መታ። ከዚያ ኃይለመስቀል ተናገረ።

«ጋሽ ባፈና፣ መንጣጣቱ ጠፍቷል። ግን ጊታሩ አሁን ጉድጓድ ውስጥ የገባ ይመስላል። ደግሞ ዶሮ ይሰማኛል።»

«ዶሮ?»

«ዶሮ። እውነቱን ልንገርዎ፣ ከጊታሩ እሷ ጎላ ትላለች።»

ባፈና ዞሮ አየ። አልጋው ሥር የሙሉብርሃን ዶሮ እንቁላሏ ላይ ተቀምጣ ታጉረመርማለች።

«ገባኝ» አለ ኃይለመስቀል። «በዚህ ሳምንት ላፕቶፑ ሳይጠፋ ሳጥኗ ተነቅላ መሆን አለበት፤ አሁን በራሱ ማይክ ነው የሚልክልን። ቀላል ነው። ጥርስ ያለው ጎማ የሚመስለውን ምልክት ይጫኑት። ዝርዝር ይመጣል። ከዚያ የሳጥኗን ስም አንብበው ይምረጡ።»

ጎማውን አገኘው። ተጫነው። አራት መስመር መጣ፤ አራቱም እንግሊዝኛ፣ አራቱም ለእሱ አንድ። ዝም ብሎ አንዱን ልጫን አለ፤ ደግሞ የባሰ ባበላሽስ ብሎ ፈራ። እጁ ወደ ክዳኑ ሄደ። ኔትወርክ የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር።

ግን ሦስተኛው መዝሙር ትዝ አለው። እዚያ መሐል ላይ አብርሆት ትንፋሽ የምትወስድበት ቦታ አለ፤ ትንፋሿ ከሌላ ሰው ትንሽ ትረዝማለች። አስራ አንድ ዓመት እዚያ ቦታ ላይ እጁን ያዝ የሚያደርግላት እሱ ነው። የሐዋሳው ልጅ ይሄን አያውቅም። ዘሎ ያልፋታል።

«አብርሆት» አለ። «ምን ሆነ መሰለሽ… ማንበብ አልችልም። የእንግሊዝኛውን። ባለፈውም ኔትወርክ አልነበረም። ዋሸሁሽ።»

ድምፅ የለም። አሁንስ እውነትም ኔትወርኩ ሄደ ብሎ አሰበ። ከዚያ ሳቋ መጣ፤ ያ የድሮው፣ ከኳየር ልምምድ በኋላ የምትስቀው።

«ባፌ! ያን ሁሉ ዓመት ከኋላዬ የመዝሙር ደብተር ዘርግተህ ትቆም ነበር። አንድ ቀን ገጽ ስትገልጥ አላየሁህም። የትንሣኤ ዕለትማ ዘቅዝቀህ ነው የዘረጋኸው!»

«ታውቂ ነበር?»

«ኳየሩ በሙሉ ያውቃል። ቃሉን ግን ከሁላችን በላይ አንተ ነህ የምትይዘው፤ ምን ብለን እንናገርህ?»

«ጋሽ ባፈና፣ ማያውን በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ይላኩልኝ» አለ ኃይለመስቀል፤ ምንም እንዳልተፈጠረ። ባፈና አንሥቶ በቴሌግራም ላከለት፤ ኃይለመስቀልም አየው። «ሁለተኛው መስመር። ከላይ ሁለተኛው፣ የፈረስ ኮቴ በሚመስለው ፊደል የሚጀምረው።»

ባፈና ኮቴውን አገኘ። ተጫነው።

«ይምቱ እስቲ።»

መታ።

«አቤት!» አለ ኃይለመስቀል። «ዶሮዋ የት ሄደች?»

«አለች። አልጋ ሥር ናት።»

«ለእኛ ግን ሞታለች።»

ሙሉብርሃን በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ላፕቶፑ የሚለውን አልሰማችም። «ማን ነው አልጋ ሥር ያለው?» አለች በሹክሹክታ። ባፈና በእጁ ዝም በይ አላት። እየሳቀ ነበር።

ሦስቱንም መዝሙር ቀዱ። ሁለተኛውን አምስት ጊዜ ደጋገሙት፤ ጥፋቱ የአብርሆት ነበር፣ ቃል ጠፋባት፣ ባፈና እየነገራት ጨረሱት። ሦስተኛው መሐሉ ላይ ሲደርስ እጁን ያዝ አደረገ። እሷን መጠበቅ እንደማይቻል ያውቃል፤ ድምፅዋ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ግን መስማት አላስፈለገውም። ትንፋሿን ትቶላት ቀጠለ። ትንሽ ቆይቶ ድምፅዋ ሲደርስ ልክ ቦታዋ ላይ ነበረች።

«ይሄው ነው» አለ ኃይለመስቀል። «ሌላ ሰው አንፈልግም።»

ሲጨርሱ ባፈና ሳጥኗን ነቅሎ ሙሉብርሃን በሰጠችው የብስኩት ጣሳ ውስጥ፣ የሩዙ ቋጠሮ ላይ አስቀመጣት። ላፕቶፑን ግን ወዲያው አልዘጋውም። ከጆሮው ላይ የአናጢ እርሳሱን አወረደና ያቺን ሁለተኛ መስመር እያየ በራሱ ጠረጴዛ እንጨት ላይ መገልበጥ ጀመረ። መጀመሪያ ኮቴዋን ሣለ። ከዚያ ቀጥሎ እባብ የሚመስለውን። ሦስተኛው ከበደው፤ አጠፋውና እንደገና ሣለው።

«ምን እየለካህ ነው?» አለችው ሙሉብርሃን፣ ኮረሪማዋን ቆጡ ላይ ዘርግታ ስትመለስ።

«ፊደል» አላት።