ከሽንዲ በባልዲ የተላከ እንቁላል

ባሌ የሞተው በክረምት ነው። የአርባው ተዝካር ዕለት ወንድሞቹ ዶሮዎቹን አንድ ሳያስቀሩ አረዷቸው። እኔ ቤት ውስጥ ከሴቶች ጋር ተቀምጬ ስለነበር የሰማሁት የክንፍ መራገብ ብቻ ነው። ስወጣ አሥራ አንዱም በትልቅ ሳፋ ተከምረው የፈላ ውሃ እየፈሰሰባቸው ነበር።

“ለካህናቱ ነው” አለኝ ታናሽ ወንድሙ እጁን እየታጠበ። “ለማን ልታስቀምጫቸው ኖሯል?”

ያን ጊዜ አልመለስሁለትም። አሁን እመልሳለሁ፦ ለራሴ።

ተራ ዶሮዎች አልነበሩም። ባሌ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አውራውን እየመረጠ፣ እንቁላሉን እየለየ ያረባቸው ገብስማዎች ነበሩ። ጭልፊት ገና ከሩቅ ሲታይ ጫጩቶቻቸውን ሰብስበው ቡናው ሥር ይገባሉ። ከዘራቸው የቀረው ሽንዲ፣ ታላቅ እህቱ ቤት ብቻ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በፊት አንድ አውራና ሦስት ሴት ሰጥቷት ነበር።

እህቱንና እኔን የሚያገናኘን ነገር አልቀረም። በቀብሩ ዕለት፣ አፈሩ ገና ሳይደርቅ፣ “ሐኪም ቤት ያደረሰችው ዘግይታ ነው” ብላ ለሴቶቹ ስትናገር ሰምቻታለሁ። እንድሰማም ነው የተናገረችው። ከዚያ በኋላ አልደወልሁላትም፤ እሷም አልደወለችልኝም።

ታኅሣሥ ሲገባ ከፍኖተ ሰላም ገበያ የገዛኋት ቀይ ዶሮ መታቀፍ ፈለገች። ከባዶ ቅርጫት አልነሣም ብላ ላባዋን ነፍታ ተኛች። የታቀፈች ዶሮ የምትጠብቀው ጥቂት ቀን ነው፤ እንቁላል ካላገኘች ትታው ትነሣለች፤ እንደገና መቼ እንደምትታቀፍ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ስልኩን አነሣሁ።

“እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? ከእሱ ዶሮዎች እንቁላል እፈልግ ነበር። ዘጠኝ ወይም አሥራ አንድ ይላኩልኝ።”

“ጾም ነው እኮ” አለች።

“ለመብላት አይደለም። ላስታቅፍ ነው።”

“በዚህ ብርድ?”

“የምትታቀፈው ዶሮዋ ናት፤ እኔ አይደለሁም።”

“እንቁላል ሞልቷል። በመኪና እልካለሁ፤ ቡሬ ወጥተሽ ተቀበዪ” ብላ ዘጋችው። ስለ ጤናዬ አልጠየቀችኝም።

በማግስቱ ማለዳ ቡሬ መናኸሪያ ደረስሁ። ብርዱ ጣት ይቆርጣል፤ ሰው ሁሉ በጋቢው ተሸፍኖ ዓይኑ ብቻ ነበር የሚታየው። የሽንዲው ሚኒባስ ሲመጣ ባልዲው ከላይ፣ ከጣሪያው ላይ፣ በገመድ ታስሮ አየሁት።

“እንቁላል ነው ብላ አልነገረችህም?” አልሁት ሾፌሩን።

“ነግራኛለች።”

“ታዲያ በዚህ ብርድ ጣሪያ ላይ ትጭነዋለህ?”

“እማማ፣ ውስጥ ሰው አለ። እንቁላል ውስጥ አስቀምጬ ሰውን ጣሪያ ላይ ልጫን?”

በዙሪያው የነበሩት ሳቁ። ባልዲው በጤፍ ጭድ ተሞልቷል፤ እጄን ስሰድድ ጭዱም እንቁላሉም እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዟል። አሥራ ሦስት ነበሩ፤ አንድም አልተሰነጠቀም። ቤት ወስጄ በጥላ አሳረፍኋቸውና ከቀይዋ ዶሮ ሥር አስገባኋቸው።

በስምንተኛው ቀን ጓዳው ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁና በስልኬ ባትሪ አንድ በአንድ አየኋቸው። ባሌ እንዲህ ነበር የሚያደርገው፤ ሕይወት ያለው እንቁላል እንደ ሸረሪት ድር ቀይ ደም ሥር ያሳያል። የመጀመሪያው ባዶ ነበር። ሁለተኛውም። አሥራ ሦስቱም እስኪያልቁ ብርሃኑ እንደ መስታወት ያልፍባቸዋል።

ለሾፌሩ ደወልሁ፤ ቁጥሩ በባልዲው ክዳን ላይ ተጽፎ ነበር። ያልሁትን ሁሉ አልጽፈውም። የሞቱት በእጁ እንደሆነ ነገርሁት፤ እናቱ እንቁላል ቢሆኑ ጣሪያ ላይ ይጭናቸው እንደሆነም ጠየቅሁት። “እማማ፣ እናቴ እንቁላል አይደለችም” ብሎ ዘጋው።

ከዚያ ባዶዎቹን ለመጣል ሰበርኋቸው፤ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አስኳሉ አልቆመም፤ እንደ ውሃ ተንጣለለ። ከቅርፊቱ ሰፊ ጫፍ በኩል ባዶው ቦታ ግማሽ ጣት ይሆናል። ይህን ብርድ አያደርገውም። ይህን የሚያደርገው ቀን ነው። እንቁላሉ ከመጫኑ በፊት አርጅቷል።

እንደገና ሽንዲ ደወልሁ።

“እትዬ፣ እነዚህ እንቁላሎች መቼ የተጣሉ ናቸው?”

“ጾሙ ከገባ ጀምሮ።”

“ከኅዳር?”

“አዎ፣ ከኅዳር። የሌሎቹን ዶሮዎች እንቁላል ለገና ገበያ አኖራለሁ። የወንድሜን ግን አንድም አልሸጥሁም። ጤፍ ውስጥ ቀብሬ አስቀመጥሁት። ስትጠይቂኝ ከታች ያለውን፣ መጀመሪያ የተጣለውን፣ ትልልቁን መረጥሁልሽ።”

ይህ የኛ አገር ስህተት ነው። በጾም እንቁላል የሚበላ የለም፤ ዶሮ ግን አይጾምም። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት ጤፍ ውስጥ እየቀበረ ለፍስክ ያጠራቅማል፤ ለወጥ ይሆናል፤ ማንም አይጎዳም። ለመፈልፈል ግን ከዐሥር ቀን ያለፈ እንቁላል ሬሳ ነው። እሷ ይህን አታውቅም። ለእኔ የመጀመሪያውን መርጣ መላኳ አክብሮት ነበር፤ ያ ደግሞ የበለጠ አናደደኝ። ክፉ ብትሆንብኝ ይቀለኝ ነበር።

“የዚህን ሳምንት ነበር የምፈልገው” አልኋት።

“መቼ እንዲህ አልሽኝ?”

እውነቷን ነው፤ አላልኋትም። ግን አላመንሁላትም።

ቀይዋ ዶሮ ስምንት ቀን በከንቱ ተኝታለች። እንደገና ሃያ አንድ ቀን እንድትችል እህልና ውሃ አፏ ድረስ አቀረብሁላትና ሁለት የገበያ እንቁላል ሥሯ ትቼ በማግስቱ ራሴ ወደ ሽንዲ ሄድሁ። እህቱ ደጃፏ ላይ ቆማ ነበር። አልተሳሳምንም።

“‘ያደረስሽው ዘግይተሽ ነው’ ስላልሁሽ እኔንም ‘ዘገየሽ’ ልትይኝ መጣሽ?” ልትለኝ ይመስለኝ ነበር፤ እሷ ግን “ግቢ፣ ቀዝቅዞሻል” አለች። አልገባሁም። ከደጅ ቆሜ፣ “ከዛሬ አምስት ቀን ወዲህ የተጣለውን ብቻ” አልሁ። እሷም ከጎተራው አውጥታ እያንዳንዱን እንቁላል በተጣለበት ቀን እየለየች ሰጠችኝ፤ ዘጠኝ ሆነ።

“ጎዶሎ ቁጥር ነው፣ ለማስታቀፍ ጥሩ ነው” አለች።

“ዶሮዋ ቁጥር ታውቃለች?”

“ወንድሜ ያውቅ ነበር” አለች።

እንቁላሎቹን በነጠላዬ ጠቅልዬ ሆዴ ላይ አሰርኋቸው። ሚኒባሱ ያው ሚኒባስ ነበር። ሾፌሩ አየኝ፤ ሆዴንም አየ።

“ዛሬ ደግሞ ራስዎ ሊፈለፍሉ ነው?” አለ።

“ንዳ።”

“ግራ ቀኝ አይበሉ እማማ፣ እንቁላሎቹ እንዳይሰበሩ።”

እስከ ቡሬ ያልሳቀ መንገደኛ አልነበረም። ከፊት፣ ከሞተሩ አጠገብ ያስቀመጠኝ ግን እሱ ነው፤ የተቀመጠውን ሰውዬ አስነሥቶ። አላመሰገንሁትም።

ቀይዋ ዶሮ ከቅርጫቱ አልተነሣችም ነበር። ሁለቱን የገበያ እንቁላሎች አውጥቼ አዲሶቹን ስሰጣት ጣቴን ነከሰች፤ ያን ቀን ያስደሰተኝ ይህ ብቻ ነው። በስምንተኛው ቀን ጓዳ ገባሁ። የመጀመሪያው ላይ ባትሪውን ስይዝ ቀይ ክር አየሁ። ከመካከሉም ትንሽ ጥቁር ነጥብ ስትንቀሳቀስ አየሁ። ከዘጠኙ ሰባቱ እንዲህ ነበሩ። ጓዳው ውስጥ ተቀምጬ ቆየሁ። ያለቀስሁት ስለ ዶሮ አይደለም፤ ስለ ዶሮ አይደለም ማለት ግን አልችልም።

በሃያ አንደኛው ቀን ሰባቱም ወጡ። ስድስቱ ገብስማ፣ አንዱ ጥቁር። ገብስማዎቹ ከደረቁ በኋላ ጭንቅላታቸው ላይ ያለውን ነጭ ምልክት አየሁ፤ ባሌ የሚመርጥበት ምልክት ነው።

ማንንም ልነግር አልፈለግሁም ነበር። ግን ለሷ መንገር ነበረብኝ፤ እንቁላሉ የሷ ነበርና። ደወልሁ።

“እትዬ፣ ሰባት ወጡ።”

ረጅም ጊዜ ትንፋሿ ብቻ ተሰማኝ። የምታለቅስ መሰለኝ፤ እኔም አፌን ልከፍት ነበር።

“ዘጠኝ አልነበር የሰጠሁሽ?” አለች። “ሁለቱን ምን አደረግሻቸው?”