ስሉስ ላይ ባቡር የለም

ዛሬ ባቡር ውስጥ «ቀጣዩ ስሉሰን» ሲባል ብቻዬን ሳቅኩ። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

በዘጠናዎቹ እዚህ ስዊድን፣ ከምኖርበት ከአልቢ ፋርስታ ወዳለው ሥራዬ ስመላለስ፣ ስሉሰን ለእኔ ባቡር የምቀይርበት ጣቢያ ብቻ ነበር።

ያኔ እንግሊዝ አገር ቦይ ላይ ብቻዬን በጀልባ ልጓዝ ስነሳ፣ ስዊድናዊቷ ባልደረባዬ ካርታዬ ላይ ምልክት እያደረገች በስዊድንኛ «በየስሉሱ መውረድ አለብሽ» አለችኝ። እኔም ስሉስ ማለት እንደ ስሉሰን የባቡር ጣቢያ መስሎኝ፣ ከሰለቸኝ በባቡር እመለሳለሁ ብዬ ተጽናናሁ።

የመጀመሪያው ምልክት ጋ ስደርስ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ወረድኩ። ስሉስ ለካ ጀልባ የሚያሳልፍ የውሃ በር ነው። እዚያ የተቀመጡ ሽማግሌ እንግሊዛዊ «ባቡሩ በየት ነው?» ብላቸው፣ በሩ የሚከፈትበትን ረጅም ግንድ አሳይተውኝ «በጀርባሽ ግፊ» አሉኝ።

ሳምንቱን ሙሉ ስገፋ ሰነበትኩ።

እናንተስ፣ ሻንጣ ይዛችሁ የወረዳችሁበት የስዊድን ቃል የትኛው ነው?