ጮክ ተብሎ የሚነበብ ፕሮግራም

ባለፈው ሳምንት ሰሚት ሰፈር ያለው የልጄ ቢሮ ሄጄ፣ ወጣቶች የአንዷን ባልደረባቸውን ኮድ ግድግዳ ላይ አብርተው ስህተቷን ሲለቅሙ አየሁ። እሷም አብራቸው ትስቃለች። እኔ ግን ወንበሩ አላስቀምጥ አለኝ፤ ሐሳቤ ወደ ደርግ ዘመን ሸሸ።

ያኔ ቦሌ፣ ለየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታሎች መድኃኒት በሚያከፋፍል መሥሪያ ቤት ጀማሪ ፕሮግራመር ነበርኩ። ክረምት ነው። ከጉርድ ሾላ ጭቃውን እያቦካሁ፣ ከመንገድ ዳር የገዛሁትን ትኩስ በቆሎ እየጋጥኩ እገባለሁ። ሥራችን ልማድ እንጂ ሥርዓት አልነበረውም፤ ሁሉም የየራሱን ጽፎ፣ ኮምፒውተሩ በቀዳዳው በሚያነበው ካርድ ላይ አስበስቶ፣ ለማሽኑ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ጸሎት ነው።

ከምሥራቅ ጀርመን ተምረው የመጡት አለቃችን ወይዘሮ ፅጌ አዲስ ደንብ አወጡ። "የጻፋችሁትን ባልደረባችሁ በሁላችን ፊት ጮክ ብሎ ሳያነበው ወደ ማሽን አይገባም።"

በሰው ፊት ስህተት ማውጣት ምን እንደሚያስከትል ከቀበሌ ስብሰባ እናውቃለን። ሂስ ተብሎ የተጀመረ ነገር የት እንደሚያልቅ አይታወቅም። አንጋፋው ጋሽ ተክሌማ "የገዛ መታነቂያ ገመዴን አላቀብልም" ብለው እምቢ አሉ።

አንድ ጠዋት አብሮኝ የተቀጠረውን የኑሪን ፕሮግራም በሁሉም ፊት ሳነብ አንድ መስመር ላይ ቆምኩ። ስሌቱ መድኃኒቱን ሲያከፋፍል የመጨረሻውን ሆስፒታል ይዘልለዋል፤ ያ ሆስፒታል ደግሞ ያለው ወባ የጸናበት ቆላ ነው። ዝም ብል በሽተኛው፣ ብናገር ኑሪ ሊጎዳ ነው። በሩ አጠገብ የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ ተቀምጧል። እግሬ ከጠረጴዛው ሥር አላርፍ አለ።

"እዚህ ጋ... የመጨረሻው ይቀራል" አልኩ።

ካድሬው ብድግ አለ። "የማን ሥራ ነው? አሻጥር እንዳይሆን!"

"የኔ ነው፣ ጓድ" አለ ኑሪ።

ከዚያ ጋሽ ተክሌ ተነሥተው የራሳቸውን ወረቀት ፊቴ አኖሩ።

"የኔንም አንብቢልኝ፣ ልጄ። ስህተት ሳይኖርበት አይቀርም።"

ሌሎቹም የየራሳቸውን ወረቀት እያኖሩ ተከተሉ። ካድሬው ማንን ከማን እንደሚለይ ግራ ገብቶት ወጣ።

በማግሥቱ፣ በካድሬው ጥቆማ ሳይሆን አይቀርም፣ ወይዘሮ ፅጌ ላይኛው ቢሮ ተጠሩ። ያዘዝነው ሽሮ ሳይነካ ቀዘቀዘ፤ በር በተከፈተ ቁጥር እንበረግጋለን። ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። ምን እንደተባሉ አልነገሩንም። ሹራባቸውን ወንበር ላይ ጣል አድርገው "ዛሬ የማን ተራ ነው?" አሉ። ለቆላው የሚሄደው መድኃኒትም በዚያው ሳምንት ተጫነ።

ደንቡን ያወጡት ወይዘሮ ፅጌ ናቸው፤ የኛ የሆነው ግን ጋሽ ተክሌ የተነሡ ዕለት ነው። እሳቸው ባይነሡ ማን ይነሣ ነበር? እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ባሰብኩት ቁጥርም ያቁነጠንጠኛል።