እድሬ ድንኳኑን ጭኖ ሆስፒታል መጣ

ይህ የደረሰብኝ በዘጠናዎቹ ዓመታት፣ ካርቱም ባሕሪ ብየዳ እሠራ በነበረበት ጊዜ ነው። ተስፋዬን ባየሁት ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ እሱም እንድረሳው አይፈቅድም። ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ ነው፤ ስህተት ካያችሁ እለፉኝ።

የብረት መቁረጫው ዲስክ ተሰብሮ ጭኔን ሰነጠቀው። ደሙ እንደተከፈተ ቧንቧ ወረደ። ሮጦ የደረሰልኝ የጎረቤቱ ጋራዥ ባለቤት ተስፋዬ ነው። ከእድራችን ተገንጥሎ ሌላ እድር ካቋቋመ ወዲህ ሰላምታ አልነበረንም። ያን ቀን ግን ሸሚዙን አውልቆ ጭኔን ጠፍሮ አሰረና ሱዳኖች ቦክስ በሚሏት ፒክአፕ መኪናው ጭኖ አበረረኝ።

“ቀስ በል፣ መኪናህ ያንገጫግጫል!” አልኩት።

“ዝም በል! ለንትርክ የሚሆን ደም አልቀረህም” አለኝ።

ሐኪሙ ሱዳናዊ ነው። ጭኔን አይቶ፣ “በግሉኮስ ብቻ ከሞላነው የቀረችውንም ደም ማቅጠን ነው። የሚያስፈልገው ራሱ ደም ነው፣ አሁኑኑ። እዚህ ያለችውን አንድ ከረጢት እሰጠዋለሁ፤ የቀረውን ዘመዶቹ ይስጡ። ያላ፣ ቶሎ በሉ!” አለ።

እኔ ካርቱም ውስጥ ዘመድ የለኝም፤ ያለኝ እድር ነው። ተስፋዬ አስደወለላቸው። እግዜር ይስጣቸው፣ ፈጥነው መጡ። ድንኳኑን ጭነው መጡ! የድንኳኑን ብረት ግቢ ውስጥ ሲያራግፉ ከተኛሁበት ሰማሁ።

ሊቀመንበራችን ጋሽ ግርማ ራስጌዬ ቆሙ። “አይዞህ ዘውዴ፣ የሚጎድልብህ ነገር የለም። ሰሃኑም ብርጭቆውም ተሟልቷል።”

“ጋሽ ግርማ፣ የጎደለኝ ደም ነው።”

“እሱ እንኳ… ደንባችን ለሞተ ይላል እንጂ ለሚደማ አይልም። ቤቱ ይወያይበት።”

ኮሪደሩ ላይ ስብሰባ ተቀመጡ። አንዱ ስኳር አለብኝ አለ። አንዱ ጾም ነው አለ። አንዱ ደግሞ ደም የሰጠ አባል ሲሞት ልዩ የአበባ ጉንጉን ይገባዋል ወይ ብሎ ጠየቀ። እሱ ላይ ረጅም ክርክር ተነሣ። እኔ እጄ እየቀዘቀዘ፣ ጣሪያው እየራቀኝ ነው።

“ምን እያሉ ነው?” አለ ሐኪሙ።

“አጀንዳ እያጸደቁ ነው” አለው ተስፋዬ በዐረብኛ። ክንዱን ዘረጋለት።

“የእሱን አልፈልግም!” አልኩ። እልኸኛ ነኝ፣ አልክድም።

ሐኪሙ ሳቀ። “ያ ሐጂ፣ መጀመሪያ ዳን፤ ከዚያ ትመልስለታለህ።”

ደማችን ገጠመ። ትኩሱን እያስገቡልኝ ቀዶ ጥገና ወሰዱኝ።

ስነቃ ስብሰባው “ተጠንቶ ይቅረብ” ተብሎ ተዘግቷል። ድንኳኑ ግን ግቢው ውስጥ ቀጥ ብሎ ተተክሏል፤ የሱዳን አስታማሚዎች ጥላ አገኘን ብለው ተቀምጠውበታል።

ጉዳዩ እስከ ዛሬ እየተጠና ነው። እኔም እድሬን አልለቀቅኩም፤ እልህ ነዋ። ተስፋዬም መገንጠሉ ስህተት ነበር እላለሁ። በክርክር በረታሁት ቁጥር፣ “በገዛ ደሜ!” ይለኛል። ይኸው ነው የሚያናድደኝ።

በቀደም ጥርሱን ሊያስነቅል አርካዊት ሰፈር ወዳለው ሐኪም ቤት ሲሄድ እጅጌዬን ሰብስቤ ተከተልኩት።

“አንተን ደግሞ ማን ጠራህ?” አለኝ።

“ዝም ብለህ ሂድ። ይደማ ይሆናል” አልኩት።