በዳኞች ክፍል ሁለት ወንበር

በልጅነቴ፣ ስዊድን ውስጥ ከምንኖርበት ሰፈር ከብሬዴንግ እየተመላለስኩ በረዶ ላይ አይስ ሆኪ ስጫወት በቡድኑ ውስጥ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ወንዶቹ በትልቁ መልበሻ ክፍል ይለብሳሉ፤ እኔ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ባለችው የዳኞች ክፍል ብቻዬን። ሳቃቸው በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። ምን እንዳሳቃቸው የነገረኝ የለም፤ እኔም ኩራቴ አልፈቀደልኝም፣ አልጠየቅኩም። እናቴ «ወንድ መሀል ምን ጥልቅ አደረገሽ? አርፈሽ አትቀመጪም?» ትለኝ ነበር። መሀላቸው ብሆንማ ምን ነበረበት!

በኋላ የሴቶች ቡድን ገባሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ከሃያ ሴቶች ጋር ለበስኩ፣ አወለቅኩ። ላብ ላብ የሚል ክፍል እንደዚያ ይናፍቀኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ጉልበቴ አላስቀጥል ሲለኝ አሰልጣኝ ሆንኩ፤ የተሰጠኝ ደግሞ የአሥራ አንድ ዓመት ወንዶች ቡድን ነው። ሴት አሰልጣኝ እነሱ ለብሰው እስኪጨርሱ ውጭ ትጠብቃለች፣ ከዚያ አንኳኩታ ትገባለች። ደንቡ ልክ ነው፣ አልከራከርም። ግን ዞሬ ዞሬ እዚያው ኮሪደር ላይ መገተሬ ያናድደኛል።

ትምህርት በተከፈተ ሰሞን አንዲት ልጅ ወደ ቡድኑ መጣች። ወላጆቿ ከአዲስ አበባ የመጡ ናቸው፣ እሷ የተወለደችው እዚህ ነው። አማርኛ ሳወራት ይገባታል፣ የምትመልስልኝ ግን በስዊድንኛ ነው። ሻንጣዋን እየጎተተች ወደ ዳኞች ክፍል ብቻዋን ስትገባ ሳይ አንጀቴን በላችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለብሳ ስትጨርስ ትጠራኛለች፤ ወንበሬን ይዤ እገባለሁ፣ በሩን ገርበብ አድርገን ጎን ለጎን ተቀምጠን የበረዶ ጫማችንን እናስራለን። ስለ አስተማሪዋ፣ ስለ ወንድሟ ኩርፊያ ታወራኛለች። ከሳምንቱ ሁሉ የምጠብቀው ያንን ሩብ ሰዓት ሆነ። ቤቴ ማን አለና!

ከሁለት ወር በኋላ አንዲት የድሮ የቡድን ጓደኛዬ ደወለችልኝ። ኡፕላንድስ ቬስቢ በምትባል ራቅ ያለች ከተማ የሴት ልጆች ቡድን ታሰለጥናለች። «ቦታ አለን፣ ልጅቷን ላኪልኝ» አለችኝ። ለወላጆቿ እነግራለሁ አልኩ። አልነገርኩም። መንገዱ ይርቃታል፣ ገና አልጠነከረችም እያልኩ ለራሴ ምክንያት ደረደርኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ገና ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ወንዶቹ ከግድግዳው ማዶ ከት ብለው ሳቁ። ልጅቷ ጫማዋን ማሰሯን አቁማ አዳመጠች።

«ምንድን ነው የሚያስቃቸው?» አለችኝ።

እኔ ምን አውቄ! አፈርኩ። እዚያው ስለ ሴቶቹ ቡድን ነገርኳት፤ እስከዛሬ መደበቄንም ጭምር። መደበቄን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም።

«ስንት ናቸው?»

«አሥራ ሰባት።»

«ሁሉም አንድ ክፍል?»

«አዎ፣ አንድ ክፍል።»

ፊቷ ሲበራ አየሁ። ደስ አለኝ፣ ደግሞም ቀናሁባት፤ ሁለቱም እውነት ነው። ከዚያ ወንበሬን አየት አደረገችና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ፣ እየተኮላተፈች፣ «አንቺስ ከማን ጋር?» አለችኝ።

«እኔማ አሰልጣኝ ነኝ» አልኳትና እግሯን ጭኔ ላይ አድርጌ ጫማዋን አሰርኩላት። ራሷ ማሰር ከቻለች ቆይታለች።