ጌም ቤት ውስጥ የቀረው ጀፎረ

ስማኝ፣ ይቺን ብቻ ስማኝና ከዛ በኋላ የፈለግከውን በለኝ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴትዮ ከሁለት ጆንያ በርበሬ ጋር ጭኜ ከገበያ እየወጣሁ ነበር። ፀሐዩ ሌላ ነው። የባጃጁ ጣራ ግሏል፣ ሞተሩ ግሏል፣ የበርበሬው ብናኝ ደግሞ ከጆንያው እያመለጠ በጋለው ነገር ላይ ሁሉ ያርፋል። የጋለ ፕላስቲክና የበርበሬ ሽታ አንድ ላይ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። አስነጠስኩ። ሴትዮዋ "ይማርህ" አለችኝ። ያኑርሽ እንኳን አላልኳትም። ቡታጅራ መሃል ባጃጅ እየነዳሁ፣ እኔ ግን ጌም ቤት ገብቻለሁ፣ አስራ ሰባት ዓመቴ ነው።

ጌም ቤቱ ከአንድ የበርበሬ መጋዘን ጋር ግድግዳ ይጋራ ነበር። ሰባት ኮምፒውተር፣ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ በሩ ላይ የአልጋ ልብስ መጋረጃ። መጋረጃው ሲነፍስ ብርሃን ይገባና ስክሪኑ አይታይም፣ ሁሉም "ዝጋው!" ብሎ ይጮሃል። በጋ ላይ በርበሬ ሲገባ ብናኙ በግድግዳው ስንጥቅ ይመጣል። ኮምፒውተሮቹ ይስቡታል፣ ሲግሉ ደግሞ በኋላቸው መልሰው ይተፉታል። ጦርነቱ ሲጋጋል ቤቱ በሙሉ ያስነጥሳል። አንተ ስታስነጥስ ሌላው ከተማህን ያቃጥልብሃል።

የምንጫወተው አንድ ጌም ነው። የጥንት አማልክት ጨዋታ ነው። ሰፈር ትቆረቁራለህ፣ ሰዎችህን እንጨት ታስቆርጣለህ፣ ወርቅ ታስቆፍራለህ፣ ከዛ አንዱን አምላክ ትመርጣለህ። ግሪክ አለ፣ ግብፅ አለ፣ የበረዶ አገር ሰዎች አሉ። አምላክህ ጉልበት ይሰጥሃል፤ መብረቅ ትጥላለህ፣ መሬት ታንቀጠቅጣለህ። ግን አንዴ ብቻ ነው፣ ከተጠቀምክበት አለቀ። የበሬ ራስ ያለው ሰውዬ አለ፣ ባለአንድ ዓይን ግዙፍ አለ፣ ፀጉሯ እባብ የሆነ ሴት አለች። የእንግሊዝኛ ስሙ አፋችን ውስጥ አልገባ ሲል "አማልክት" አልነው። "ና አማልክት እንጫወት" እያልን መንገድ ላይ ስንጠራራ ሰው ዞር ብሎ ያየናል። እኛ ምን ቸገረን።

ጓደኛዬ የዛ መጋዘን ባለቤት ልጅ ነው። አባቱን ከተማው በሙሉ ሃጂ ነው የሚላቸው፤ ሲናገሩ የማይጮሁ፣ ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ የሚጠብቁ ሰውዬ። ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በዘቢዳር ተራራ በኩል ያለ መንደር ውስጥ ነው። እኔና ልጃቸው አስረኛን አብረን ጨርሰናል። እኔ የአስተማሪ ልጅ ሆኜ ወድቄያለሁ፣ እሱ የበርበሬ ነጋዴ ልጅ ሆኖ ቴክኒክና ሙያ የሚያስገባ ነጥብ አምጥቷል።

ግን እነሱ ቤት ደንብ አለ። ወንድ ልጅ አስረኛን ከጨረሰ፣ ቀጥሎ በሚመጣው አረፋ ከመርካቶ ለበዓል ከሚመጡት ወንድሞቹ ጋር ይወጣል፣ ሱቅ ይቆማል። ታላላቆቹ በሙሉ እንደዛ ነው የሄዱት። አሁን ተራው የሱ ነው። እሱ ደግሞ መሄድ አልፈለገም። እዚሁ ቀርቶ ኮምፒውተር መማር ነው የፈለገው። ለአባቱ ምን ብሎ ይንገር? "ጌም ደስ ስላለኝ ልቅር" ይባላል?

በዛ መሃል ነው ጌሙ ውስጥ የካርታ መስሪያውን ያገኘው። ሜኑው ውስጥ ገብቶ፣ እኔ እየተንተባተብኩ እንግሊዝኛውን እያነበብኩለት፣ ባዶ አረንጓዴ መሬት ወጣ። ተራራ ብትፈልግ መሬቱን በማውስ ወደ ላይ ትስበዋለህ። መጀመሪያ የሳበው ዘቢዳርን ነው። ከዛ አስፋልቱን አነጠፈ። ከዛ ገበያውን። መስጊድና ቤተክርስቲያን የሚባል ነገር ጌሙ ውስጥ ስለሌለ ለሁለቱም ያንኑ የአማልክት ቤት አደረገላቸው። እንሰት ስለሌለ አጫጭር ዘንባባ ከየቤቱ ጓሮ ተከለ። ሁላችንም ደቦ ገባን። አባቱ የአውቶቡስ ሹፌር የሆነው ልጅ "መናኸሪያውን አሳንሰኸዋል" ብሎ ይጨቃጨቃል። አንዱ "የኛ ቤት ሽንት ቤት የታለ?" ይላል። "ባክህ የናንተ ሽንት ቤት በሽታው ይታወቃል፣ ካርታ አያስፈልገውም!" ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል።

ከሁሉም ግን የለፋበት የነሱ መንደር ነው። ጀፎረ ታውቃለህ? በመንደር መሃል የሚያልፍ ሰፊ የሣር መንገድ ነው። ቤቶቹ ከግራና ከቀኝ ፊታቸውን ወደሱ አዙረው ይቆማሉ። ለቅሶው እዛ ነው፣ ሰርጉ እዛ ነው፣ ሽምግልናው እዛ ነው፣ ኳሱም እዛ ነው። አይታረስም፣ አይታጠርም፣ ቤት አይሠራበትም። አባቶች ያንን ስፋት ተነጋግረው የተዉት ነው። እሱም ካርታው ላይ ልኩን ጠብቆ ተወው።

አንድ ቀን በዛ ካርታ ላይ ሁላችንም ገብተን ስንጫወት የሹፌሩ ልጅ ሄዶ ጀፎረው መሃል የወታደር ካምፕ ሠራ።

"አንሳው" አለው ጓደኛዬ።

"ባዶ መሬት እኮ ነው!"

"ባዶ አይደለም፣ ጀፎረ ነው።"

"ጌም ውስጥ ምን ጀፎረ አለ? ፋራ!"

"ካለ አለ። አንሳው።"

"አላነሳም! ከፈለግክ ሽማግሌ ላክብኝ!"

ላከበት። ሙት እልሃለሁ፣ ላከበት። ሁለት ልጆች ከአግዳሚው ተነስተው፣ ነጠላ የለበሱ ይመስል ሹራባቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ሄዱ። የጌም ቤቱ ሰውዬ ጨዋታውን አስቁሞ ዳኛ ሆነ። ተከራከሩ። ተፈረደ፦ ካምፑን በገዛ እጁ ያፍርስ፣ ለካሳ ደግሞ ከወርቁ ይላክ። እያጉረመረመ አፈረሰ።

ወሬው በግድግዳው ስንጥቅ አልፎ መጋዘኑ ገባ መሰለኝ ሃጂው ጋ ደረሰ። ማታ ልጃቸውን አስቀምጠው እንደጠየቁት እሱ ራሱ ነው የነገረኝ።

"በጨዋታው ውስጥም ጀፎረው ላይ አልሠራችሁም?"

"አልሠራንም አባ።"

"የሠራውስ?"

"አፈረሰ። ተፈረደበት።"

"የኛስ ቤት አለ?"

"አለ። ላሟም አለች። አባ፣ እዚሁ ቀርቼ ይሄን ልማር።"

"እንግዲያው ለአረፋ ወንድሞችህ ሲመጡ አብረን እናየዋለን። መሄድህንም መቅረትህንም ያኔ ባየሁት እፈርዳለሁ።"

ልጁ ከዛ በኋላ እንቅልፍ አልነበረውም። ጠዋት ጌም ቤቱ ሲከፈት በሩ ላይ ነው። የቤታቸውን አቅጣጫ ያስተካክላል፣ ላሟን ወደ ጥላ ያዛውራል፣ ጀፎረው ላይ አንድ ሽማግሌ ገበሬ አቁሟል፣ አባቱ ናቸው። መብራት ሊጠፋ ብልጭ ባለ ቁጥር "ሴቭ!" እያልን እንጮህለታለን። ፍላሽ የሚባል ነገር በዛን ጊዜ እኛ ጋ አልነበረም። ያ ካርታ ያለው ሦስተኛው ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነበር፣ ሌላ የትም የለም።

ያ ዓመት ደግሞ የዘጠና ሰባቱ ምርጫ ያለፈበት ዓመት ነው። ወጣት ሦስት ሆኖ ከቆመ "አደገኛ ቦዘኔ" የሚባልበት ጊዜ። በዛ ላይ የኛ ጨዋታ ስም አለ። እስላሙም ክርስቲያኑም ወላጅ "ልጆቹ ጣዖት እያመለኩ ነው" ብሎ በአንድ ድምፅ የተስማማበት ብቸኛ ጉዳይ እሱ ይመስለኛል። የአረፋ ዋዜማ ጠዋት መጋረጃው ተገለጠ። ሦስት ሰዎች ከከተማው አስተዳደር፣ አንዱ ፖሊስ። ማንም "ዝጋው" አላለም።

"ባዕድ አምልኮ ይካሄድበታል የሚል ጥቆማ ደርሶናል" አለ ኮት የለበሰው።

"ኧረ ጌታዬ፣ የልጆች ጨዋታ ነው" አለ የጌም ቤቱ ሰውዬ።

ሰውየው ሦስተኛው ስክሪን ላይ ዓይኑ ቀረ። ጓደኛዬ ምን እንደመሰለው ታውቃለህ? የተደነቀለት መሰለው። ፊቱ በራ። ወንበሩን ለቀቀለት።

"ይሄ ዘቢዳር ነው ጋሼ። ይሄ አስፋልቱ። ይሄ ደግሞ የናንተ ቢሮ።"

"በሩ ላይ የቆመው ምንድነው?"

"ጠባቂያችሁ ነው። ረጅም ስለሆነ ግዙፉን አደረግኩላችሁ።"

"ይሄስ ሰፊው?"

"ጀፎረ።"

ሰውየው ተዛውሮ የመጣ ነው፣ ያገራችን ሰው አይደለም። "መኪና ያልፍበታል?"

"አያልፍበትም።"

"ታዲያ ይሄን ያህል ስፋት ለምን?"

"ሰው በሙሉ እንዲወጣበት ነዋ። የመንደሩ ሰው በአንዴ ቢወጣ ይበቃዋል።"

"ወጥቶ የት ይሄዳል?"

ጓደኛዬ በማውሱ አሳየው፣ እየሳቀ። ከጀፎረው ወደ አስፋልቱ፣ ከአስፋልቱ በቀጥታ ወደ ቢሮው። ሰውየው የሰልፍ መንገድ እያየ መሆኑ እኔ ገብቶኛል። ጓደኛዬን በክርኔ ስነካው አይሰማኝም።

"ማን ነው አጥንቶ የሰጣችሁ?"

"ማንም! እኔ ነኝ የሠራሁት" አለ። ደረቱን ነፍቶ ነው ያለው።

"ይጫን" አለ ሰውየው።

"ጋሼ በአላህ፣ አንዴ ሴቭ ላርገው፣ የጠዋቱ አልተያዘም..." ገመዱ ተነቀለ። ሰባቱንም ኮምፒውተር ፒክአፕ ላይ አፍ አፋቸውን ደፍተው ጫኗቸው፣ ማገዶ እንኳን እንደዛ አይጫንም። የጌም ቤቱን ሰውዬ ይዘውት ሄዱ፤ ቆይቶ ሲለቀቅ ከተማውን ለቆ ወጣ። በሩ ላይ ማህተም ያለው ወረቀት ለጠፉ።

በማግስቱ ሃጂው ከሶላት በቀጥታ መጡ። ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ሽቷቸው ከሩቅ ይመጣል፣ ሦስቱ ልጆቻቸው ከኋላቸው። ማንም ደፍሮ አልነገራቸውም ነበር። እኔና ጓደኛዬ በሩ ላይ ቆመናል። እሳቸው ወረቀቱን አዩ፣ እኛን አዩ።

"ቤታችን የታለ?"

"እዚህ ውስጥ ነበር አባ። ትላንት ወሰዱት።"

"ጀፎረውንም?"

"ጀፎረውንም።"

አንዱ ወንድሙ ሊስቅ ሲል ሃጂው ዞር ብለው አዩት። መዳፋቸውን የታሸገው በር ላይ አሳረፉ። ከዛ በዛች ቀስ ባለች ድምፃቸው፣ "ባየሁት እፈርዳለሁ ብዬሃለሁ። ያየሁት በር ነው" አሉት። ጓደኛዬ ከበዓሉ በኋላ በነበረው አውቶቡስ ከወንድሞቹ ጋር ወጣ። መናኸሪያ ሸኘሁት። በመስኮት እጁን እንኳን አላወጣም።

አሁን መርካቶ ባልዲና ሳፋ ያከፋፍላል። ደህና ነው፣ አልተራበም። አረፋ ሲመጣ እንገናኛለን፣ ሆድ አውጥቷል። አንዴ ስለ ካርታው ሳነሳበት "ተወው ባክህ፣ የልጅ ነገር" አለኝና ስልኩን አወጣ። እኔም ደክሞኛል፣ አላነሳም ከዛ ወዲህ። ጨዋታ ነው ይሉኛል ሰዎች ሳወራ። እሺ፣ ጨዋታ ነው። ጨዋታ ከሆነ ታዲያ በፖሊስ ለምን ተጫነ?

ቢሮው አዲስ ሕንፃ ሠርቶ ተዛወረ። ኮምፒውተሮቹ የገቡበት የአሮጌው ቢሮ መጋዘን ግን ቁልፉ እንደተንጠለጠለ አለ። በመስኮቱ ስንጥቅ ካየህ ስክሪኖቹ ተደራርበው ይታያሉ፣ ላያቸው ላይ እርግብ ኩሷል። ሃጂው ስንቴ ሄደው ጠይቀዋል። መልሳቸው፦ ኤግዚቢት፣ የተያዘ ማስረጃ ነው፣ ኃላፊው ስብሰባ ነው፣ ኃላፊው ተቀይሯል፣ የኛ ጊዜ አይደለም። ኮት የለበሰው ሰውዬ አድጎ ሌላ ቦታ ሄደ። በመንደሩም ጀፎረውን ከዳር ከዳሩ እየቆረሱ ለቤት መሥሪያ ሰጥተውታል፤ ሽማግሌ ቢላክም የሚያፈርስ የለም።

አርብ አርብ ሃጂውን ወደ መስጊድ የማደርሳቸው እኔ ነኝ። አርጅተዋል፣ አንዱ ዓይናቸው ጨርሶ አያይም፣ ሌላውም እየሄደ ነው። በዛ መጋዘን ስናልፍ ክንዴን ይነኩኛል።

"ከፈቱት?"

"ገና ነው ሃጂ።"

"ያን ቀን ልጄን ልቀጣው ብዬ እኮ አልነበረም የሄድኩት" አሉኝ ባለፈው። "ላየው ነበር የሄድኩት። ከልቤ ላየው ነበር።"

እኔ ፍሬን ይዤ መንገዱን አያለሁ።

እናንተ ያሸጋችሁ፣ እናንተ የጫናችሁ፣ ቁልፉን ይዛችሁ "የኛ ጊዜ አይደለም" የምትሉ፦ የፊታችን አርብ እኚህ ሰውዬ ክንዴን ሲነኩኝ ምን ብዬ ልመልስላቸው?